አጣጥለው የሚገዙ ሰዎች

የከተማዬን ስም አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ስሟን የሰማ ሰው ሊያያት ይመጣል፣ አይቶም ያመሰግናታል፣ ለእኛ ደግሞ ምስጋና አይስማማንም። ለምን እንደማይስማማን ነው የማጫውታችሁ።

ከከተማችን መሐል አንድ ቁልቁለት መንገድ ነበር። ነጠላ ሱቅ ሰፈር እንለው ነበር፤ እያንዳንዱ ሱቅ የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነውና። ከላይ ጀምራችሁ ስትወርዱ የማሩ ሱቅ አለ፣ ቀጥሎ የምስሩ፣ ከዚያ የቅቤው፣ ከዚያ የጥቁር አዝሙዱ፣ እታች ከድልድዩ አጠገብ ደግሞ የእኔ የጨው ሱቅ። ጨው ሻጭ ምስር አይነካም፤ ምስር ሻጭም ስለ ጨው ቢጠይቁት «ወደ ታች ውረድ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ወጥ ልትሠራ ያሰበች ሴት ግማሽ ቀን ትዞራለች። ይህን እንደ ችግር የቆጠረ ሰው አላስታውስም። ዞሮ መግዛቱ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ማውራቱ፣ እሱ ራሱ ነበር ኑሮው።

የከተማችን ትልቁ ልማድ ማጣጣል ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ሳያጣጥል አይገዛም። ማር የፈለገ ሰው ይቀምስና ፊቱን አጨማዶ «ይሄ ማር ነው ወይስ የስኳር ውሃ? ንቦችህ አሟቸው ነው?» ይላል። ባለማሩም «ንቦቼስ ደህና ናቸው፤ አንተ ግን ምላስህን ሐኪም ይየው» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሲባባሉ ይቆዩና ዋጋው ይወርዳል፣ ማሩ ይሰፈራል፣ ከላይ ምራቂ ይደረግበታል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ሰው ምን ያህል እንደፈለገ የሚታወቀው ባጣጣለው ልክ ነው። እቃውን አይቶ «ጥሩ ነው» የሚል ሰው ግን አይገዛም፤ «ጥሩ ነው» ማለት በእኛ ዘንድ «በቃኝ፣ ደህና ሁን» ማለት ነው። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው በመጨረሻው ቀን በየሱቁ እየዞረ ያመሰግናል፤ ባለሱቆቹም እንባቸው እየመጣ ይሰሙታል። ከዚያ ውጭ ምስጋና የሚሰማው ለቅሶ ቤት ነው። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባል ሰው በሌላ አገር ሞልቷል አሉ። የእኛ ሰው የዚያ ተቃራኒ ነበር።

በማጣጣል ወይዘሮ ደብሪቱን የሚያህል አልነበረም። ደብሪቱ የድግስ ወጥ ሠሪ ናት፤ ሰርግ ያለ እሷ አይሞቅም፣ ተዝካር ያለ እሷ አይወጣም። ባሏን በልጅነቷ ቀብራዋለች። በቀብሩ ዕለት አመሰገነችው፤ ከዚያ ወዲህ ምስጋና የሚባል ነገር ከአፏ ሲወጣ የሰማ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቅቤው ሱቅ ስትሄድ ያየ ሰው ሥራውን አቁሞ ይከተላታል። እኔም ጨዌን ለጎረቤት አደራ ብዬ እወጣ ነበር።

ባለቅቤው አቶ ማንደፍሮ ይባላል። ሚስት አላገባም፤ ለምን ሲሉት «ቅቤና ትዳር ሙቀት አይወዱም» ይል ነበር። እውነት ይሁን ቀልድ እግዜር ይወቅ። ደብሪቱ ትገባና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ እጇን ትዘረጋለች። እሱ ከቅቤው ቆንጥሮ በእጇ ጀርባ ላይ ያደርግላታል። ትቀባዋለች፣ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ነበር የሚጣፍጠው።

«ጋሼ ማንደፍሮ» ትላለች መጨረሻ ላይ፣ «ይሄን ቅቤ ላም ታውቀዋለች?»

«ጎረቤት ናቸው። በሩቁ ሰላም ይባባላሉ።»

«ባለፈው የሰጠኸኝን በሳል ነው ብለህ ነበር። በስሎ መሰለህ? አርጅቶ ነው። ቤት እስኪደርስ ምርኩዝ ሰጥቼዋለሁ።»

«ያረጀው ካንቺ ጋር ሲከራከር ነው። እኔንስ አታይኝም?»

ማንደፍሮ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያቀምሳት ሁለተኛውን ቅቤ ነው። ደህናው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከባንኮኒው ሥር ይቀመጣል፤ ለእሷ ብሎ ያስቀመጠው ነው፣ ለማንም አይሸጠውም። እሷም ይህን ታውቃለች። እሱም ማወቋን ያውቃል። ግን የምታጣጥለው ነገር እንዳታጣ ብሎ ሁለተኛውን ያስቀድማል፤ እሷም እንዳታሳፍረው ብላ እስክትጠግብ ታጣጥለዋለች። ከዚያ ደህናው ይወጣል። እኛ ደጅ የቆምነው ሰዎች ይህን ሁሉ እያወቅን እንደ አዲስ እንስቅ ነበር። ዛሬ ያን ሳቅ በምን ልግዛው?

እንዲህ እያለን ጠቅላላው መጣ።

ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ ጠቅላላው አልነው፤ ሁሉን ነገር ጠቅልሎ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ስለሆነ። በሩ መስታወት ነው፣ ሰው ሲቀርበው በራሱ ይከፈታል። እያንዳንዱ እቃ ላይ ዋጋው ተለጥፎበታል፤ ለወዳጅም ለጠላትም ያው አንድ ዋጋ። ይህ መጀመሪያ በጣም ነውር ሆነብን። የከተማችን ሰው ግን ጨዋ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ሄዶ እንደ ወጉ ማጣጣል ጀመረ። አንዲት ሴት ከፓስታው መደርደሪያ ፊት ቆማ «አንተ ብሎ ቀጥ ማለት! ድስት ውስጥ ስትገባ አይደል የምንተያየው!» እያለች ስትሰድበው ቆየች። የሚመልስላት አጣች። ተስፋ ቆርጣ ወጣች።

የጠቅላላው አለቆች ሰው መደርደሪያ ሲሰድብ አይተው ተጨነቁና የማጣጣያ መስኮት ከፈቱ። መስኮቱ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ትቀመጣለች። የፈለጋችሁትን ትሏታላችሁ፤ ሰምታ ስትጨርስ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ስለ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን» ትላለች። ሰዉ ክው አለ። በቁሙ የተመሰገነ ሰው ምን ይሁን? አንድ የማውቀው ሽማግሌ እንደተመሰገነ በቀጥታ ቤቱ ሄዶ ተናዘዘ፣ ሁለቱን በጎቹን ለልጆቹ አካፈለ። ከዚያ በኋላ አልሞተም፤ በጎቹን ግን የሚመልስለት አልተገኘም።

ደብሪቱም አንድ ቀን ሄደች። ወጥ ሠሪ ናት፤ ሳታይ አትፈርድም። አይታም የሐቁን ተናገረች። ምስሩ የተለቀመ ነው፣ ጠጠር የለበትም፤ ከምስሩ ሱቅ ምስር ይልቅ ጥርስ ያተርፋል አለች። ጨዉ ከእኔ ጨው ይረክሳል፤ ይህን በነገረችኝ ጊዜ ጨዌን አኩርፌው ሰነበትኩ። ጥቁር አዝሙዱ ግን ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ሲፈጩት ጠረኑ አይነሣም። ወደ ቅቤው ስትደርስ በላስቲክ ዕቃ ታሽጎ አገኘችው። ክረምት ይሁን በጋ ያው አንድ ዓይነት ቢጫ ነው።

«ክፈቺልኝ ላሽትተው» አለቻት አጠገቧ ያለችውን ሠራተኛ።

«ከከፈሉ በኋላ ነው የሚከፈተው እማማ።»

«ሳላሸተው ልክፈልበት?»

«ቀኑ ተጽፎበታል።»

«ቀን ይሸታል?»

ልጅቷ አመሰገነቻት። ደብሪቱ ገዝታ ሄደችና ቤቷ አነጠረችው። ድስቱ ውስጥ አረፋ ብቻ ሆነ፣ አረፋው ሲወርድ ውሃ፣ ከውሃው ሥር ጥቂት ቅቤ። መደርደሪያ ላይ ከማንደፍሮ ቅቤ ይረክሳል፤ ድስት ውስጥ ግን ከማንደፍሮ ቅቤ ይወደዳል። ቅዳሜ ሲደርስ ማንደፍሮ ከሁሉ በፊት ይህንኑ ጠየቃት።

«እህሳ፣ የእነሱ ቅቤ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለችው።

ማንደፍሮ ባንኮኒውን ይዞ ሳቀ። እኛም ደጅ ላይ ሆነን ሳቅን። ያን ቀን ጠቅላላውን የሚፈራ ሰው በመንገዳችን ላይ አልነበረም።

ጠቅላላው ግን መኪና ማቆሚያ ያስፈልገው ነበር፤ ዓይኑ ያረፈውም በእኛ ቁልቁለት ላይ ነው። ወደ ላይኛው መንግሥት አመለከተ። ላይኛው መንግሥት ፍትሕ ይወዳል፤ ሳያነጻጽር አይፈርድም። እናም የንጽጽር ሹም የሚባሉ ሰው ላከልን፤ ከእሳቸው ጋር አንድ የዋጋ ጸሐፊና አንድ የጥራት ጸሐፊ መጡ። ሕጉ በአደባባይ ተነበበ፤ ሕዝቡ ያመሰገነው ይቀጥላል፣ ሕዝቡ የነቀፈው ይዘጋል። እኛ ስንሰማ በደስታ ተቃቀፍን። ሕዝቡ ማንን እንደሚወድ የማያውቅ አለ? ማንደፍሮ ብቻ ትንሽ ፈራ። «ሱቁ ከተዘጋ እኔ የት እሄዳለሁ? ከዚህ ባንኮኒ ወዲያ ያለኝ ሰው የለኝም» አለኝ። ደብሪቱን እያሰበ መሆኑ ገብቶኝ ነበር።

ሰው የራሱን ልማድ አይሰማውም፤ የቤቱን ጠረን እንደማይሰማው ሁሉ። እኛም የሹሙ ሰዎች ቋንቋችንን እንደሚናገሩ እንጂ አባባላችንን እንደማያውቁት አልታሰበንም።

መጀመሪያ የዋጋ ጸሐፊው ዞረ። ትሑት ሰው ነው፤ በእያንዳንዱ ሱቅ እየገባ «ግሩም እቃ ነው፣ ዋጋው ስንት ነው?» ይላል። ማንደፍሮ የተሰናባች ሰው ድምፅ ሰማና ልቡ ተነካ፤ ለአልፎ ሂያጅ የሚነገረውን ዋጋ፣ ማለትም ማንም የማይከፍለውን ዋጋ፣ ዓይኑን እየጠረገ ነገረው። የዋጋ ጸሐፊውም «ቅቤ፣ እጅግ ውድ ነው፤ ሻጩም መሸጡ ያሳዝነዋል» ብሎ መዘገበ። በየሱቁ እንዲሁ ሆነ።

የንጽጽሩ ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። አደባባዩ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ አንዱ ላይ የጠቅላላው እቃ፣ አንዱ ላይ የእኛ። እያንዳንዳችን ከእቃችን ኋላ ቆመናል። ማንደፍሮ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሙሽራ መስሎ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ የልቡን ሊናገር ለቀናት ሲዘጋጅ ሰንብቷል።

የመጀመሪያው ሰው ማራችንን ቀመሰ። «ሬት ነው» አለ። «ጠላቴ ይብላው። እናቴ በዚህ ማር ነው ያሳደገችኝ፣ መቼም ይቅር አልላትም።»

«የጠቅላላውስ?» አለ የጥራት ጸሐፊው።

«ጥሩ ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ምስራችንን «የድንጋይ ዘር» አሉት፤ ጥቁር አዝሙዳችንን «ከጥቁረቱ በቀር አዝሙድነት የሌለው» አሉት። የእኔ ጨው ተራ ሲደርስ ጎረቤቴ ቀምሶ «ጨው መሆኑን የረሳ ጨው ነው፤ አስታዋሽ ይቀጠርለት» አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎልኝ አያውቅም ነበር፤ ሆዴ ባባ። ሁሉም እንዳማረበት እየተናገረ፣ እየተጨበጨበለት፣ የጠቅላላውን ጠረጴዛ በአንዲት «ጥሩ ነው» እያለፈ ሄደ።

ሹሙ ግራ ሳይገባቸው አልቀረም። የከተማውን ሽማግሌ አስጠርተው «አባቴ፣ እዚህ አገር እኛ የማናውቀው ልማድ ይኖራል እንዴ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ልማዳችንን ከማንም በላይ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ልማድስ አለን» አሉ ከዘራቸውን ተደግፈው። «የማይረባ ነገር ነው። የአያት ቅራቅንቦ፣ ለማንም የማይጠቅም።»

ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞር ብለው «ሕዝቡ ልማዱን መተው ይሻል ብለህ ጨምርበት» አሉት።

ደብሪቱ የመጨረሻዋ ነበረች። ለክብሯ ብለን ነው መጨረሻ ያደረግናት። ተራዋን ስትጠብቅ ከጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ነበርና የጥራት ጸሐፊው ለዋጋ ጸሐፊው ሲያንሾካሹክ ሰማች። «በአንድ ድምፅ ነው የጠሏቸው። እስካሁን እዚህ ሰፈር ለምን ሲገዙ እንደኖሩ ነው የማይገባኝ።»

ይህን ኋላ ራሷ ነው የነገረችን። የተባለው ሁሉ እንደተባለ እንደሚወሰድ ከከተማው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የገባት እሷ ናት። ቀና ብላ ማንደፍሮን አየችው። ቅቤውን ሸፍኖ እሷን እየጠበቀ ነው። ሁለተኛው ቅቤ ከላይ ነው፣ ደህናው ከሥር፣ እንደ ቅዳሜው። ከዕድሜው ሁሉ የሚያምረውን ስድብ ዛሬ ከእሷ ሊሰማ ደረቱን ገልብጦ ቆሟል። ብትሰድበው ሱቁ ይዘጋል። ብታመሰግነው ደግሞ በሕዝብ ፊት «በቃኸኝ» ማለቷ ነው።

መጀመሪያ ወደ ሹሙ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ይህ ሕዝብ የሚሰድበው ስለሚወድ ነው» አለቻቸው።

«ሲያመሰግንስ?»

«ሲሰናበት ነው።»

ሹሙ አሰቡበት። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እንግዲያው እዚህ አገር የሚነገር ነገር ሁሉ በተቃራኒው ይወሰዳል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«አሁን የነገሩኝንስ በየትኛው በኩል ልውሰደው?»

ደብሪቱን በሕይወቷ አፍ ስታጣ ያን ቀን ብቻ አየናት።

«እኛ የተላክነው የተባለውን ልንሰማ ነው እናቴ» አሉ ሹሙ በርኅራኄ። «የታሰበውን የሚሰማው ክፍል ሌላ ነው፤ ገና አልተቋቋመም።»

ደብሪቱ ተመልሳ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። እጇን ዘረጋች። ማንደፍሮ ከሁለተኛው ቅቤ ቆንጥሮ በእጇ ጀርባ ላይ አደረገላት። አሸችው፣ አሸተተችው፣ ዝም አለች። አደባባዩም ዝም አለ፤ ሳቃችንን አፋችን ላይ ይዘን ጠበቅን።

«ይህ ቅቤ ጥሩ ነው» አለች።

ከኋላዬ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ከዚህ የተሻለ ቅቤ አልቀመስኩም» አለች ደብሪቱ፤ ዓይኗን ከማንደፍሮ ላይ አልነቀለችም። «ሳሩን ስታሸቱት ይሸታችኋል፣ የክረምቱም የበጋውም ይታወቃል። በዚህ ቅቤ ስንት ሙሽራ ድሬያለሁ። ወጤ ጣፈጠ ሲሉኝ እጄ መስሏቸው ነው፤ እጄ አይደለም፣ እሱ ነው። ሸማች አታሎ አያውቅም። ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ እኛ እንዳዘነበለ ነው። እንደሱ ያለ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም፣ አይኖርምም።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ግማሹ ሰው ደብሪቱ ከተማውን ለቃ ልትሄድ ነው ብሎ አሰበ፣ ግማሹ ማንደፍሮ የማይድን በሽታ ይዞታል ብሎ አሰበ፤ ነጠላውን ለለቅሶ ያዘቀዘቀም ነበር። ማንደፍሮ ፊቱ አመድ መሰለ። ደንበኛው ያመሰገነው ባለሱቅ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የቅቤውን ክዳን ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ለማንም ሳይናገር ቁልቁለቱን ወረደ። ደብሪቱ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

የጥራት ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ዘመዱ ነዎት?» አላት።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

የሷ ድምፅ አልተቆጠረም። ከሁሉም የተለየ አንድ ድምፅ በስሕተት የተነገረ ነው የሚል አንቀጽ አላቸው። ነጠላ ሱቅ ሰፈር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ስለነቀፈው እንዲዘጋ ተፈረደ። እንዲህ አድርገን ነው በገዛ ፍቅራችን ያፈረስነው። ሹሙ ሲሸኙ አመሰገኑን፤ የእሳቸው እንኳ በቦታው ነበር።

አሁን ቁልቁለቱ መኪና ማቆሚያ ነው። ባለማሩ ልጁ ዘንድ ሄደ፣ ባለምስሩ ጠቅላላው በር ላይ ዘበኛ ሆነ። እኔ ጨው የምገዛው ከጠቅላላው ነው፤ ደህና ጨው ነው፣ ይረክሳልም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ምስሩን ስበላ ጥርሴ ተርፎልኛል። ወጥ ለመሥራት የተነሣች ሴት ዛሬ ግማሽ ቀን አትዞርም፤ ባንድ ጊዜ ሁሉን ገዝታ ትመለሳለች። በተረፋት ግማሽ ቀን ምን እንደምታደርግ ጠይቄ አውቃለሁ። ቤቷ ትቀመጣለች። አንዳንዴ መሸት ሲል በመኪኖቹ መሐል እሄድና የማሩ ሱቅ እዚህ ነበር፣ የቅቤው እዚህ ነበር እያልኩ በልቤ እቆማለሁ። እንዴት እንደሚናፍቀኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ስሜን ጠርቶ ጨዌን ቢሰድብልኝ ምንኛ በወደድኩ።

ማንደፍሮ ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱን ዘጋ። ደብሪቱ በሩን አንኳኳች፣ አልከፈተም። በእኔ በኩል ላከችበት። «ንገራት፣ ሰምቻለሁ በላት፤ መልካም መንገድ» አለኝ። የምትሄድበት መንገድ እንደሌላት እያወቀ ነው። እሷንም ሰው አላስቀመጣትም፤ ጎረቤት ሁሉ የስንቅ ቆሎ እየያዘ ሊሰናበታት ይመጣል፣ የትም አልሄድም ብላ ብትምል የሚያምናት አጣች። ድግስ ጠርተዋት ስትሠራ ወጡ አልጣፈጠም። የጠቅላላው ቅቤ ነበር። ሁሉም ጥሩ ነው አሉ።

በመጨረሻ ማንደፍሮ ቆላ ያለችው እህቱ ዘንድ ሊሄድ ቆረጠ። ጋሪ ተከራየ፤ እኔም እቃ ላግዘው ሄድኩ። እንደ ወጉ በየቤቱ እየዞረ አመሰገነ። የባለማሩን ሚስት አመሰገነ፣ ሽማግሌውን አመሰገነ። ወደ እኔ ዞሮ «ጨውህ ከጨው ሁሉ የሚጣፍጥ ነበር» ሲለኝ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

የቀረው የደብሪቱ ቤት ነው። በየበሩ የተባለውን ከሩቅ ስትሰማ ቆይታለችና ከበሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ መቃኑን ይዛ። የሚመጣውን ታውቃለች። 

ማንደፍሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ባለጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ» አለ፣ «ስትራመጂ አቧራ ታስነሻለሽ።»

ደብሪቱ ቀና አለች።

«ሰዓት አታከብሪም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺን ስጠብቅ ስንት ደንበኛ አመለጠኝ። ለመቅመስ ብለሽ ሩቡን ቅቤ ትጨርሺዋለሽ። ፀጉርሽ ሸብቷል፣ ደግሞ አላማረብሽም። ምላስሽማ አይነሣ። የዚያን ቀን አደባባይ ላይ ያደረግሽው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ምስጋና የማታውቂ ከሆነ ለምን ትሞክሪዋለሽ? ለእኔ ብለሽ እንደሆነ የገባኝ ስንት ቀን አኩርፌ ከተኛሁ በኋላ ነው። እንደዚያ ያለ መጥፎ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።»

ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። 

«ጨረስክ?»

«ገና መጀመሬ ነው።»

«እንግዲያው ግባና ተቀምጠህ ጨርሰው። መንገድ ላይ ቆመህ የሰው መሳቂያ አታድርገኝ።»

ገባ። ባለጋሪው ከፀሐዩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከውስጥ የማንደፍሮ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የሷ፣ ከዚያ የሱ፤ ተራ በተራ ሳይሆን አንዱ በአንዱ ላይ። ባለጋሪው ሲሰለቸው እቃውን ከበሩ ላይ አራገፈና ሄደ። እኔም ሣጥኑን አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁላቸው።